የፖለቲካ ሥርዓትን በሒሳብ ለመቅረጽ የትኛው ሞዴል? ስድስት አማራጮች ጎን ለጎን

ምርጫን፣ ፓርላማን ወይም የጥምር መንግሥት ድርድርን በሒሳብ ቀርጾ ለመተንተን የሚነሳ ሰው ገና ከመነሻው አማራጭ ይበዛበታል። አንዱ ሞዴል መራጮችን ቀጥታ መስመር ላይ ይደረድራል፤ ሌላው ፓርቲዎችን ከወንበር ቁጥራቸው ውጭ አያውቃቸውም፤ ሦስተኛው ሕዝብንና ባለሥልጣንን እንደ ቀጣሪና ተቀጣሪ ያያል። ሁሉም «የፖለቲካ ሞዴል» ይባላሉ፣ ሁሉም ቀመር አላቸው፤ አንዱ ለሚመልሰው ጥያቄ ግን ሌላው መልስ የለውም። መልስ የለኝም ብሎ ዝም ቢል ደግ ነበር። ችግሩ ቁጥር መስጠቱን አለማቆሙ ነው።

እዚህ የሚነጻጸሩት ስድስት ናቸው፦ የመስመር ሞዴል፣ የዕድል ድምፅ አሰጣጥ፣ የድምፅ ኃይል መለኪያ፣ የምክር ቤት ድርድር፣ የተጠያቂነት ሞዴል እና የኮምፒውተር ሲሙሌሽን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

## መመዘኛዎቹ

ከሁሉ የሚቀድመው መመዘኛ «ምኑን ሊቀይሩ አስበዋል?» የሚለው ነው። የማለፊያ ድምፁን? የሥልጣን ዘመኑን? የበጀት ክፍፍሉን? የአጀንዳ አቅራቢውን? ሊቀይሩት ያሰቡት ነገር በሞዴሉ ውስጥ እንደ ቁጥር ወይም እንደ ደንብ ካልተቀመጠ፣ ሞዴሉ ስለዚያ ነገር ምንም ሊነግርዎ አይችልም። የቀሩት መመዘኛዎች ከዚህ በኋላ ነው የሚመጡት፦

- ውሳኔው የማን ነው? የመራጩ፣ የምክር ቤት አባሉ ወይስ የባለሥልጣኑ?
- በእጅ ያለው መረጃ ምንድን ነው? የወንበር ቁጥር ብቻ፣ የአስተያየት ጥናት፣ የድምፅ አሰጣጥ መዝገብ ወይስ የኦዲት ውጤት?
- ሞዴሉ የሚረጋ መልስ አለው? ማንም ብቻውን አቋሙን ቢቀይር የማይጠቀምበት ሁኔታ፣ ማለትም ሚዛን፣ መኖሩ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።
- ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?
- ስሕተት መሆኑ በምን ይታወቃል? ምንም ቢከሰት «ከሞዴሉ ጋር ይስማማል» የሚያስብል ሞዴል ለውሳኔ አይረዳም።

## 1. የመስመር ሞዴል

መነሻው ሃሮልድ ሆቴሊንግ በ1929 ስለ ሻጮች አቀማመጥ የሠራው ጥናት ነው። ደንካን ብላክ በ1948 ለኮሚቴ ውሳኔ፣ አንቶኒ ዳውንስ በ1957 ለፓርቲዎች ውድድር አዋሉት። መራጮች ከ0 እስከ 100 ባለ መስመር ላይ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ ለራሱ አቋም የሚቀርበውን ይመርጣል።

አምስት መራጮች ስለ መንግሥት ወጪ ያላቸው አቋም 10፣ 20፣ 30፣ 80 እና 90 ነው እንበል። አማካዩ 46 ነው፤ መካከለኛው መራጭ ግን 30 ላይ ቆሟል። አንዱ ተወዳዳሪ 46 ላይ፣ ሌላው 30 ላይ ቢቆም የሁለቱ ድንበር 38 ይሆናል። ከ38 በታች ሦስት መራጮች ስላሉ 30 ላይ የቆመው 3 ለ 2 ያሸንፋል። ጀማሪ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ የጥናት መረጃውን አማካይ አስልቶ «የሕዝቡ አቋም» ብሎ ያስቀምጣል። በዚህ ሞዴል ግን 90 ላይ ያለው መራጭ ወደ 100 ቢሄድም ውጤቱ ንቅንቅ አይልም።

ሞዴሉ የሚሠራው ሁለት ተወዳዳሪ፣ አንድ ጉዳይ እና ባለ አንድ ጫፍ ፍላጎት ሲኖር ነው። ባለ አንድ ጫፍ ማለት መራጩ ከሚወደው ነጥብ በራቀ ቁጥር፣ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሆን፣ እየከፋው ይሄዳል ማለት ነው። «ወይ ትምህርት ቤቱ በደንብ ይሠራ፣ ካልሆነ ጭራሹኑ ይቅር» የሚል መራጭ ሁለት ጫፍ አለው፤ እንዲህ ያሉት ከበዙ መካከለኛውን መፈለግ ትርጉም የለውም። ተወዳዳሪዎቹ ሦስት ሲሆኑ ደግሞ መሃል ያለው ከሁለት ወገን ይታፈናል፤ ዘልሎ ሲወጣ ሌላው መሃል ይገባል፤ መራጮች በመስመሩ ላይ እኩል ከተበተኑ የሚረጋ አቀማመጥ አይገኝም።

አጀንዳ የሚያቀርበው ሰው ማን እንደሆነም መልሱን ይለውጣል። መካከለኛው አባል 40 ላይ፣ በሥራ ላይ ያለው ሕግ 10 ላይ ነው እንበል። አንድ ኮሚቴ «ይህን ተቀበሉ፣ አለዚያ የድሮው ይቀጥላል» የማለት መብት ካለውና የራሱ ፍላጎት 90 ከሆነ፣ እስከ 70 ድረስ ማሳለፍ ይችላል፤ ምክንያቱም መካከለኛው አባል ከ10 የራቀው በ30 ነው፣ ከ70ም የሚርቀው በዚያው ልክ ነው። ነባሩ ሕግ 35 ላይ ቢሆን ግን ኮሚቴው ከ45 አያልፍም። አባላቱ ያው ናቸው፤ የተለወጠው መነሻው ብቻ ነው። ስለዚህ በመስመር ሞዴል ሲሠሩ ነባሩን ሁኔታ ሳይመዘግቡ አይጀምሩ።

ትልቁ ወጥመድ ሁለተኛ ጉዳይ ሲጨመር ነው። ሦስት ሰዎች 100 አሃድ ሲከፋፈሉ እንይ (የሁለቱ ድርሻ ከታወቀ የሦስተኛው ይታወቃል፤ ስለዚህ ጉዳዩ ሁለት ነው)፦ (34፣ 33፣ 33) በ(50፣ 50፣ 0) ይሸነፋል፤ ያ በ(60፣ 0፣ 40) ይሸነፋል፤ እሱም በ(0፣ 20፣ 80)፤ መጨረሻው ደግሞ ተመልሶ በመጀመሪያው በ(34፣ 33፣ 33) ይሸነፋል። እያንዳንዱ ለውጥ 2 ለ 1 ነው ያለፈው። ሪቻርድ ማኬልቪ በ1976 እንዳሳየው፣ በሁለትና ከዚያ በላይ ጉዳዮች ላይ እንዲህ ያለው ዙር ሲፈጠር፣ የድምፅ አሰጣጡን ቅደም ተከተል የያዘ ሰው ምክር ቤቱን ወደፈለገው ነጥብ ሊያደርሰው ይችላል። የእርስዎ ጉዳይ በሁለት መስመር የሚለካ ከሆነ ወደ አማራጭ 2 ወይም 4 ይሂዱ። ሁለቱን መስመር በአማካይ አጣብቆ አንድ ማድረግ ችግሩን መሸፈን እንጂ መፍታት አይደለም።

አቋም ከየት ይገኛል? ከአስተያየት ጥናት ከተወሰደ፣ አንዱ 7 የሚለው ለሌላው 5 ሊሆን ስለሚችል ሁሉም መላሾች የሚያውቋቸውን ሁለት ሦስት ፓርቲዎች በዚያው መለኪያ እንዲያስቀምጡ ማድረግና በዚያ ማስተካከል ያስፈልጋል። ከምክር ቤት የድምፅ መዝገብ ከተወሰደ፣ በሙሉ ድምፅ ያለፉ ውሳኔዎች አባላቱን አይለዩም፤ ይጣሉ። የፓርቲ ዲሲፕሊን በጠበቀበት ምክር ቤት ደግሞ የሚለካው የአባሉ አቋም ሳይሆን የአለቃው ትእዛዝ ነው።

## 2. የዕድል ድምፅ አሰጣጥ

እዚህ መራጩ የሚጠቅመውን በእርግጠኝነት አይመርጥም፤ የመምረጥ ዕድሉ ይጨምራል እንጂ። በሁለቱ ተወዳዳሪዎች መካከል ያለው የጥቅም ልዩነት ዜሮ ሲሆን ዕድሉ 0.5 ነው። መራጩ ለዚህ ልዩነት ምን ያህል ንቁ እንደሆነ የሚለካው ቁጥር ቤታ ይባል፤ በተለመደው የሎጂት ቀመር ልዩነቱ 0.5፣ ቤታ 2 ከሆነ ዕድሉ 0.73 ይሆናል፤ ቤታ 10 ከሆነ 0.993።

ይህ ለስላሳነት ነው ሞዴሉን ከዙሩ የሚያድነው። የበጀት ክፍፍልን፣ ድጎማንና ታክስን ለመተንተን ከሌሎቹ ሁሉ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። አሳር ሊንድቤክና ዮርገን ዋይቡል በ1987 ያስቀመጡት ውጤት አጭር ነው፦ ገንዘብ የሚፈስሰው ብዙ ወላዋይ መራጭ ወዳለበት ቡድን ነው። ቁጥራቸው እኩል የሆነ ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ ከሌላው ሁለት እጥፍ ወላዋይ ቢኖሩት፣ የመራጮቹ እርካታ ደግሞ በሎጋሪዝም የሚለካ ቢሆን፣ 300 አሃድ በጀት 200 እና 100 ሆኖ ይከፈላል። ታማኙ ቡድን ታማኝ በመሆኑ ይቀጣል ማለት ነው።

የሚበላሸው ቤታ ሲተልቅ ነው። 0.993 ላይ ያለ መራጭ ወላዋይ አይባልም፤ ሞዴሉ ወደ መጀመሪያው ችግር ይመለሳል፣ የሚረጋ መልስም ላይገኝ ይችላል። ኮምፒውተሩ ግን አንድ ነጥብ ላይ ደርሶ ይቆምና «አገኘሁ» ይላል። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ስሌቱን ከ20 የተለያዩ መነሻ ነጥቦች ያስጀምሩት፤ መድረሻው ካልተመሳሰለ ውጤቱን አይጠቀሙበት።

## 3. የድምፅ ኃይል መለኪያ

መረጃው የወንበር ቁጥርና የማለፊያ ድምፅ ብቻ ከሆነ ምርጫው ይህ ነው። ሁለት ዓይነት አለ፦ የሎይድ ሻፕሊና የማርቲን ሹቢክ (1954)፣ እንዲሁም ላዮኔል ፔንሮዝ በ1946 የጀመረውና ጆን ባንዛፍ በ1965 ራሱን ችሎ የደረሰበት።

100 ወንበር ባለው ምክር ቤት ሀ 49፣ ለ 48፣ ሐ 3 ወንበር አላቸው፤ ማለፊያው 51 ነው። በሻፕሊና ሹቢክ አቆጣጠር ፓርቲዎቹ ተራ በተራ ጥምረቱን ይቀላቀላሉ እንበል፤ ጥምረቱን ማለፊያው ላይ ያደረሰው ፓርቲ ወሳኝ ይባላል። ስድስት አሰላለፍ አለ፦

- ሀ፣ ለ፣ ሐ፦ ወሳኙ ለ
- ሀ፣ ሐ፣ ለ፦ ወሳኙ ሐ
- ለ፣ ሀ፣ ሐ፦ ወሳኙ ሀ
- ለ፣ ሐ፣ ሀ፦ ወሳኙ ሐ
- ሐ፣ ሀ፣ ለ፦ ወሳኙ ሀ
- ሐ፣ ለ፣ ሀ፦ ወሳኙ ለ

ሁሉም ሁለት ሁለት ጊዜ ወሳኝ ሆነዋል፤ ባለ 3 ወንበሩ ፓርቲ ከባለ 49ኙ እኩል ሲሶ ኃይል አለው። አሁን ማለፊያውን በአንድ ድምፅ ብቻ ወደ 52 ከፍ ያድርጉት። ለ እና ሐ አብረው 51 ስለሆኑ አይበቁም፤ የሀ ኃይል 4/6 ይሆናል፣ የሌሎቹ 1/6 እና 1/6። ተራውን ትቶ፣ ፓርቲው ቢወጣ የሚፈርሱትን አሸናፊ ጥምረቶች በሚቆጥረው በባንዛፍ አቆጣጠር ደግሞ 3/5፣ 1/5፣ 1/5። ሁለቱ መለኪያዎች ሁልጊዜ እንደማይስማሙ ልብ ይበሉ፤ የጋራ ጥቅምን ወይም ሥልጣንን ለመከፋፈል ጥያቄ ሻፕሊና ሹቢክ፣ «የእኔ ድምፅ ውጤቱን የመቀየር ዕድሉ ስንት ነው?» ለሚል ጥያቄ ባንዛፍ ይሻላል።

በተግባር ምን እንደሚያወጣ የሚያሳይ ታሪክም አለ። በ1958 በተቋቋመው የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ፈረንሳይ፣ ምዕራብ ጀርመንና ጣሊያን 4 ድምፅ፣ ቤልጅየምና ኔዘርላንድስ 2፣ ሉክሰምበርግ 1 ነበራቸው፤ ማለፊያው ከ17ቱ 12 ነበር። የሌሎቹ ሁሉ ድምፅ ሙሉ በሙሉ ተጋማሽ ቁጥር ስለሆነ ድምራቸው 11 ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ የሉክሰምበርግ አንድ ድምፅ ውጤት የምትቀይርበት አጋጣሚ አልነበረም። ኃይሏ ዜሮ ነበር፤ ድምፅ ስለሌላት ሳይሆን ድምፅ እያላት። በ15 አባላቱና በ9 ድምፁ የሚወስነው የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤትም በሻፕሊና ሹቢክ ሲሰላ፣ ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት ያለው እያንዳንዱ ቋሚ አባል 0.196፣ እያንዳንዱ ተለዋጭ አባል 0.0019 ገደማ ይደርሰዋል፤ ልዩነቱ ከ100 እጥፍ በላይ ነው።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። ሁሉም ጥምረት እኩል ሊሆን ይችላል ብሎ ይነሳል። ፈጽሞ አብረው የማይቀመጡ ሁለት ፓርቲዎች ካሉ ቁጥሩ ያሳስታል። እንደዚያ ሲሆን የማይቻሉትን አሰላለፎች አውጥቶ በቀሩት ማስላት ይቻላል፤ ግን ማንን እንዳወጡና ለምን እንዳወጡ ከውጤቱ ጎን ይጻፉ። ሌላው የስሌት መጠን ነው። 20 አባላት 1,048,576 ጥምረት ይሠራሉ፤ 30 ሲሆኑ ከአንድ ቢሊዮን ያልፋል። እስከ 20 ድረስ አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል፤ ከዚያ በላይ የድምር ሠንጠረዥ በመሙላት የሚሠራውን ዘዴ ይጠቀሙ። ክፍልፋይ ክብደቶችን አስቀድሞ ወደ ሙሉ ቁጥር መለወጥም ግድ ነው፤ አለዚያ ልክ ማለፊያው ላይ ያረፈ ድምር በአስርዮሽ ስሕተት ምክንያት «አላለፈም» ይባላል።

## 4. የምክር ቤት ድርድር

ዴቪድ ባሮንና ጆን ፌርጆን በ1989 ያቀረቡት ነው። አንድ አባል በዕጣ ይመረጥና ክፍፍል ያቀርባል፤ በአብላጫ ካለፈ ያበቃል፤ ካላለፈ ጊዜ ይባክንና ሌላ አቅራቢ ይመረጣል። ነገ የሚገኝ አንድ አሃድ ዛሬ ስንት ይቆጠራል የሚለውን ትዕግስት እንበለው።

አምስት አባላት፣ ትዕግስት 0.9፣ የሚከፋፈሉት 1 አሃድ። አንድ አባል ባይስማማ የሚጠብቀው 0.9 ÷ 5 = 0.18 ነው። አቅራቢው ሁለት ሰው ብቻ ይበቃዋል፤ ለሁለቱ 0.18 ሰጥቶ 0.64 ለራሱ ያስቀራል። የቀሩት ሁለቱ ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ።

አቅራቢ የመሆን ዕድልን፣ የማለፊያ ድምፅን ወይም የማሻሻያ ሐሳብ ማቅረብ መፈቀድ አለመፈቀዱን ለመፈተሽ ከስድስቱ የሚስተካከለው የለም። ቁጥሩን እንደ ትንበያ መውሰድ ግን አያዋጣም። በቤተ ሙከራ ሲሞከር አቅራቢዎች ሞዴሉ ከሚለው ያነሰ ነው የሚወስዱት። በጥምር መንግሥታትም የሚኒስቴር ወንበሮች በአብዛኛው ፓርቲዎቹ ለጥምረቱ ባዋጡት ወንበር ልክ ይከፋፈላሉ፤ የአቅራቢነት ትርፉ ሞዴሉ የሚለውን ያህል አይታይም። አቅጣጫውን ይመኑ፤ መጠኑን አይመኑ።

## 5. የተጠያቂነት ሞዴል

ሮበርት ባሮ በ1973፣ ጆን ፌርጆን በ1986 የጀመሩት መንገድ ነው። ጥያቄው «ማን ያሸንፋል?» ሳይሆን «ያሸነፈው ምን ያህል ይዘርፋል?» ነው።

ባለሥልጣኑ በአንድ የሥልጣን ዘመን ቢበዛ 100 አሃድ መውሰድ ይችላል፤ የሚፈቀድለት ሁለት ዘመን ነው፤ ትዕግስቱ 0.8 ነው። በሁለተኛው ዘመን የሚያስፈራው ምርጫ ስለሌለ 100ውን ይወስዳል። መራጮች «ከዚህ በላይ ከወሰደ አንመርጠውም» የሚል ጣሪያ ያስቀምጣሉ። ጣሪያውን ቢያከብር የሚያገኘው ጣሪያው ሲደመር 80 ነው፤ ባያከብር አሁኑኑ 100። ስለዚህ እንዲታገስ የሚያደርገው ዝቅተኛው ጣሪያ 20 ነው። ጣሪያውን ዜሮ ቢያደርጉት 80 ከ100 ስለሚያንስ ሁሉንም ወስዶ ይሄዳል። ፈጽሞ አንታገስም ያለ መራጭ የበለጠ ይዘረፋል ማለት ነው፤ ይህ ሞዴሉን ገና ለሚያይ ሰው የማይዋጥ ነገር ነው፣ ግን ከስሌቱ ቀጥታ ይወጣል።

አሁን እውነታውን እንጨምርበት። ጣሪያውን ያከበረ ሰው እንደገና የመመረጥ ዕድሉ 0.9፣ የዘረፈ ሰው ደግሞ 0.3 ነው እንበል። ያከበረው ጣሪያው ሲደመር 72 ያገኛል፤ የዘረፈው 100 ሲደመር 24። ጣሪያው ቢያንስ 52 መሆን አለበት። በአጭሩ፦

ጣሪያ = 100 × (1 − ትዕግስት × የሁለቱ ዕድሎች ልዩነት)

ሁለቱም ዕድል 0.5 ቢሆን ልዩነቱ ዜሮ፣ ጣሪያው 100 ነው፤ ምርጫ እየተካሄደም ቢሆን ምርጫ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ኦዲት ይፋ ማድረግ፣ የድምፅ ቆጠራን ማጥራት፣ የመገናኛ ብዙኃንን ነፃነት ማስፋት ሁሉም በዚህ ሞዴል የሚገቡት በአንድ በር ነው፦ ልዩነቱን ያሰፋሉ ወይስ አያሰፉም?

በመረጃ ሲለካ የሚፈጠረው ስሕተት ረቂቅ ነው። የዘረፉና እንደሚሸነፉ ያወቁ ባለሥልጣናት ብዙ ጊዜ አይወዳደሩም። መዝገብ ላይ የሚገኙት እየዘረፉም የሚወደዱት ናቸው፤ ስለዚህ የዘረፈ ሰው የመመረጥ ዕድል ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ይታያል። ያልተወዳደሩትንም ከመዝገቡ ሳያወጡ «አልተመረጠም» ብሎ አንድ ጊዜ፣ አውጥቶ ደግሞ ሌላ ጊዜ ማስላትና ሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

## 6. የኮምፒውተር ሲሙሌሽን

ብዙ ፓርቲ፣ ብዙ ጉዳይ፣ እርስ በርስ የሚማማሩ መራጮች ሲኖሩ ወረቀትና እርሳስ አያዋጡም። ኬን ኮልማን፣ ጆን ሚለርና ስኮት ፔጅ በ1992 ሙሉ መረጃ የሌላቸው፣ እየሞከሩ የሚማሩ ፓርቲዎችን በኮምፒውተር አወዳደሩ። ማይክል ሌቨር በ2005 አራት ዓይነት የፓርቲ ደንብ አወዳደረ፦ አቋሙን የማይቀይር፣ ወደ ደጋፊዎቹ አማካይ የሚሄድ፣ ያለፈው እርምጃ ድምፅ ካመጣለት የሚቀጥልና ካላመጣለት የሚዞር፣ እንዲሁም ወደ ትልቁ ፓርቲ የሚጠጋ።

መሣሪያው ውድ አይደለም፤ ፓይተን፣ አር እና ኔትሎጎ በነፃ ይገኛሉ። የሚወደደው ጊዜው ነው። 5 ፓራሜትሮች (እየተቀያየሩ የሚሞከሩ የሞዴሉ ቁጥሮች) እያንዳንዳቸው 4 ደረጃ ካላቸው 1,024 ጥምር ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ 100 ጊዜ ሲደገም 102,400 ሩጫ፤ አንዱ ሩጫ 2 ሰከንድ ቢፈጅ 57 ሰዓት ገደማ። ድግግሞሹን መቀነስ ያጓጓል፤ ግን የአሸናፊነት ዕድል ግማሽ አካባቢ ሲሆን በ100 ሩጫ የሚገኘው መደበኛ ስሕተት 5 በመቶ ነጥብ ነው። ወደ 2.5 ለማውረድ 400 ሩጫ ይጠይቃል።

ከሁሉ የሚደበቀው ስሕተት የተራ ጉዳይ ነው፦ ተዋንያኑ የሚወስኑት ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው ወይስ ተራ በተራ? በርናርዶ ሁበርማንና ናታሊ ግላንስ በ1993 አንድ የታወቀ የትብብር ሲሙሌሽን ወስደው ሁሉም በአንድ ጊዜ ከሚለው ወደ ተራ በተራ ሲቀይሩት ትብብሩ ጠፋ። ውጤቱ የመጣው ከንድፈ ሐሳቡ ሳይሆን ከሰዓቱ አሞላል ነበር። ሁለቱንም ሞክረው ሪፖርት ያድርጉ። የዘፈቀደ ቁጥሩን መነሻ ከእያንዳንዱ ሩጫ ጋር ያስቀምጡ። የመጀመሪያዎቹን ዙሮችም ይጣሉ፤ እነሱ የሚያሳዩት ፓርቲዎቹን መጀመሪያ የት እንዳስቀመጧቸው ነው።

አንድ ምክር፦ ሲሙሌሽኑን መጀመሪያ መልሱ በሚታወቅ ጉዳይ ይፈትኑት። ሁለት ፓርቲ፣ አንድ መስመር፣ ባለ አንድ ጫፍ ፍላጎት ሰጥተውት ወደ መካከለኛው መራጭ ካልተጠጋ፣ ኮዱ ተሳስቷል ወይም ደንቡ ያሰቡት ደንብ አይደለም።

## ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| ሞዴል | የሚወስነው | የሚጠይቀው መረጃ | ሊቀየር የሚችለው | ጊዜ | ዋና ድክመት |
|---|---|---|---|---|---|
| የመስመር | መራጭ ወይም አባል | አቋም፣ ነባሩ ሁኔታ | አጀንዳ አቅራቢ፣ ነባሩ ሁኔታ | ቀናት | ሁለተኛ ጉዳይ፣ ሦስተኛ ተወዳዳሪ |
| የዕድል ድምፅ | መራጭ በቡድን | የቡድን መጠን፣ የወላዋይ ብዛት | በጀት፣ ድጎማ፣ ታክስ | ሳምንታት | ቤታ ሲተልቅ ይፈርሳል |
| የድምፅ ኃይል | ፓርቲ ወይም አገር | ወንበር፣ ማለፊያ | ማለፊያ፣ የድምፅ ክብደት | ሰዓታት | አቋምን አያይም |
| ድርድር | የምክር ቤት አባል | የአቅራቢነት ደንብ፣ ትዕግስት | የአሠራር ደንብ | ሳምንት | የአቅራቢውን ድርሻ ያጋንናል |
| ተጠያቂነት | ባለሥልጣንና መራጭ | ኦዲት፣ ዳግም የመመረጥ መዝገብ | የሥልጣን ዘመን፣ ግልጽነት | ሳምንታት | ያልተወዳደሩት ከመዝገብ ይጠፋሉ |
| ሲሙሌሽን | ሁሉም | የባሕርይ ደንቦች | ማንኛውም | ወራት | ለምን እንደሆነ አይናገርም |

## ለየትኛው ፍላጎት የትኛው

አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ካለዎትና የያዙት የወንበር ቁጥር ከሆነ፣ ያለ ማመንታት የድምፅ ኃይል መለኪያ። እስከ አምስት ፓርቲ በወረቀት ይሠራል፤ ከዚያ በላይ የኤክሴል ወረቀት ይበቃል።

የምርጫ ዘመቻ የሚተነትን ሰው ሁለት ዋና ተወዳዳሪዎችና የአስተያየት ጥናት ካለው በመስመር ሞዴል ይጀምር፤ ጉዳዩ የገንዘብ ክፍፍል ከሆነ ግን ቀጥታ ወደ ዕድል ድምፅ ይለፍ። ለሕግ ወይም ለምክር ቤት ደንብ ማሻሻያ የሚሠራ ድርድርንና የድምፅ ኃይልን አብሮ ቢሠራ ጥሩ ነው፤ አንዱ ያለ አቋም፣ ሌላው በተወሰነ አሠራር ስለሚያሰሉ፣ ሁለቱ የተስማሙበት አቅጣጫ የበለጠ ያስተማምናል። ስለ ሙስና፣ ስለ ኦዲትና ስለ ሥልጣን ዘመን ገደብ የሚጽፍ የተጠያቂነት ሞዴልን ይያዝ።

ሲሙሌሽን የሚመከረው ቢያንስ ሁለት ወር ጊዜ፣ ኮድ የሚጽፍ ሰው እና ከሌሎቹ አምስቱ በአንዱ የተገኘ የመጀመሪያ መልስ ላለው ብቻ ነው። ብዙዎች «እውነታውን ሁሉ ያስገባል» ብለው ከዚህ ይጀምራሉ፤ ሲጨርሱ 40 ፓራሜትር ያለው፣ የፈለጉትን ውጤት ሁሉ የሚሰጥ ነገር ይዘው ይቀራሉ።

የትኛውንም ቢመርጡ ከሰነፍ ተፎካካሪ ጋር ያወዳድሩት፦ «ያለፈው ውጤት ይደገማል» የሚለው ግምት። መረጃውን ለሁለት ይክፈሉና በአንዱ ግማሽ ያስተካክሉት፣ በሌላው ይፈትኑት፤ ሰነፉን ግምት ካልበለጠ ለትንበያ አያውሉት።

ሞዴሎችን ማያያዝም ይቻላል፤ የአንዱ ውጤት ለሌላው ግብዓት ሲሆን ግን አንድ ቁጥር አሳልፈው አይስጡ። በአማራጭ 5 ላይ የሁለቱ ዕድሎች ልዩነት 0.6 ነው ብለን 52 አግኝተናል። መለኪያው በ0.2 ወዲህና ወዲያ የሚዋልል ከሆነ፣ ልዩነቱ 0.8 ሲሆን ጣሪያው 36፣ 0.4 ሲሆን 68 ነው። ለሚቀጥለው ሞዴል የሚተላለፈው 36 እና 68 ናቸው፤ 52 ብቻውን አይሂድ።